የእሜቴ ትርንጎ ናፍጣ

አሁን የምጠብቀው ሞተር የትም አይሄድም። ከሲሚንቶው ወለል ጋር በወፋፍራም ቡሎን ታስሮ ቆሟል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነሣና ለጎንደር መብራት ይሰጣል። እኔ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዘይቱንና ሙቀቱን አያለሁ። ሥራው ሸጋ ነው፤ አቧራ የለበትም፣ ገደል የለበትም፣ የሚጨቃጨቅ መንገደኛም የለበትም። ጡረታ የሽማግሌ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ጢሜ ሳይሸብት ከመሪ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ሞተሩ አንድ ድምፅ ይዞ ሲዘልቅ ዓይኔ ሳይከደን መንገዱ ይመጣብኛል። ኮሶዬ ላይ ጉሙ ከቆላው ሲወጣ አያለሁ። ወገራ ላይ ገብሱ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ አያለሁ። አንዲት አመድማ ማኪና በሦስተኛ ማርሽ እያጉረመረመች ታልፋለች፤ መሪውን የያዘው እኔ ነኝ፣ ዳር ቆሜ የማያትም እኔው ነኝ። ከዚህ የምነቃው ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ ብቻ ነው። ማኪናዋ ተሸጣ አሁን ሁመራ በኩል ትሠራለች ይላሉ። እኔ ዘንድ የቀረውን ነገር ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንገድ ሥራ ግቢ ውስጥ የተፈቱ የሞተር ዕቃዎችን በናፍጣ በማጠብ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር። አለቃዬ ስሜን ጠርተው አያውቁም፤ «አንተ ልጅ» ነበር የሚሉኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል ያስቆጠረኝ ጎረቤታችን የነበረ ዲያቆን ነው፤ የፈረንጅ ቁጥር የለየሁት ከመፍቻ እጀታ ላይ ነው። ዕቃ ሳጥብ የት እንደ ነበረ፣ በየትኛው ጎኑ እንደ ተፋቀ እያየሁ ነበር የማጥበው። ማንም እንዳይ አላዘዘኝም። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዕቃ ፍለጋ ወደ ግቢው መጡና፣ ያጠብኳቸውን ቫልቮች ከሞተሩ በወጡበት ተራ ደርድሬያቸው አዩ።

«ማን አሳየህ?» አሉኝ።

«ማንም።»

«እንግዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ነገ እኔ ዘንድ ና።»

አያ ፈንታ ነበሩ። በማግሥቱ ሄድኩ።

አያ ፈንታ ሙያቸውን የቀሰሙት በጣሊያን ጊዜ ከጣሊያኖች ጋራዥ ነው። ከአራዳ ገበያ በስተጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሞተር ሲሰሙ ኖረው ጆሯቸው ደክሟል፤ ሰው ሲያናግራቸው ከንፈሩን ነው የሚያዩት። ሞተርን ግን ከማንም አብልጠው ይሰሙ ነበር። አንዲት የወይራ ዘንግ ነበረቻቸው፤ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያቆሙና ሌላውን በጥርሳቸው ይነክሳሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ዘንጊቱን ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ፊታቸው እንደሚያስቀድስ ሰው ፊት ይሆናል። «ሦስተኛው ያስላል» ይላሉ፣ ሲፈታም ሦስተኛው ነው።

እኔም ዘንጊቱን ነክሼ ሞከርኩ። ድምፁ በጥርስ ይገባና በራስ ቅል ውስጥ ይዞራል። ከውጭ ጫጫታ የሚመስለው ከውስጥ ዝናብ ነው፤ እያንዳንዱ ጠብታ ለብቻው ይሰማል። መጀመሪያ ቀን ዘንጊቱን ከአፌ አላወጣ ብዬ አያ ፈንታ ቀሙኝ።

የተበላሸ ዕቃ ሲያወጡ በነጭ ጨርቅ ላይ አድርገው ለባለቤቱ ያሳዩ ነበር። ምን እንዳበላሸውም ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይናገራሉ፤ ሹፌሩ ከሆነ ሹፌሩ፣ ባለቤቱ ከሆነ ባለቤቱ፣ እርሳቸውም ከሆኑ እርሳቸው። በዚህ የተነሣ የተቀየሙ ደንበኞች ነበሩ፤ ግን ዞረው ይመጣሉ። አንድ ነገር ብቻ አይችሉም ነበር፤ ሹክ ማለት። ጆሯቸው ስለማይሰማቸው ሹክሹክታ የሚሉት የሌላ ሰው ጩኸት ያህል ነው። በአንድ የሠርግ ዳስ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሙሽራው ከሙሽሪት አባት አይበልጥም?» ሲሉኝ ከበሮው ቆመ። እርሳቸው ማንም እንዳልሰማ ያምኑ ነበር።

መሪ የያዝኩት ከእርሳቸው ዘንድ ጥቂት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ የአንድ እህል ነጋዴ ናፍጣ ጭነት መኪና ነዳሁ። ጌታዬ አጠገቤ ተቀምጠው ሊማሊሞን ስንወርድ፣ እግራቸው ሥር ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን ይረግጡ ነበር። ድብ ባሕር ስንደርስ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ይደክማሉ። ናፍጣ ሞተር ገደል ሲወርድና ዳገት ሲወጣ ምን እንደሚያስብ የተማርኩት በዚያ መንገድ ነው።

ከዚያ እሜቴ ትርንጎ አስጠሩኝ። እሜቴ ትርንጎ ከአራዳ ዝቅ ብሎ የመንገደኛ ማረፊያ ቤት ያላቸው ባልቴት ነበሩ። የተወለዱት ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው፤ ወደ ጎንደር የመጡት በበቅሎ ተጭነው በሙሽርነታቸው ነው። ማኪና ልገዛ ነው ሲሉ ከተማው ለክብር ነው ብሎ አማቸው። እውነቱ ሌላ ነበር። መሪጌታ ሐዲስ የሚባሉ ታላቅ ወንድም ነበሯቸው፣ መካነ ብርሃን ላይ የዜማ መምህር። የመሪጌታ ግራ ዓይን ጠፍቷል፤ ቀኙም እየዳመነ ነው። ከአስመራ አልፎ አልፎ ወደ ጎንደር የሚመጣ የውጭ አገር የዓይን ሐኪም ነበረ፤ የሚቆየው ግን ለጥቂት ቀን ነው። ሐኪሙ መጣ ተብሎ መልእክት እስኪደርስ፣ መሪጌታ በበቅሎ ደባርቅ እስኪወጡ፣ ከደባርቅ የጭነት መኪና እስኪገኝ፣ ሐኪሙ ሄዷል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

«ከደባርቅ ወዲህ ያለውን እኔ አሳጥረዋለሁ» አሉ እሜቴ ትርንጎ። «ሐኪሙን መያዝ ባልችል መንገዱን እይዘዋለሁ።»

ማኪናዋን ያገኘናት አዘዞ ነው፤ ወደ አገሩ የሚመለስ የአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነበረች። ትንሽ፣ አመድማ፣ በናፍጣ የምትሄድ የቤት ማኪና። በዚያን ጊዜ ናፍጣ የጭነት መኪና ነገር ነበር፤ ሰው ሁሉ ተዉ ብሏቸዋል። ፈረንጁ ሞተሯን አስነስቶ አቆይቶ፣ ጸጥ አድርጎ ጠበቀን። አያ ፈንታ ኮፈኑን ሳይከፍቱ መዳፋቸውን አሳረፉበት።

«ሞቃለች» አሉ።

«ብትሞቅስ? ሞተር አይደለችም እንዴ?» አሉ እሜቴ ትርንጎ።

«እሜቴ፣ የሞቀች ማኪና ሁሉ ጤነኛ ናት። ስትበርድ ነው የምትታወቀው። እንቀመጥ።»

ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ፈረንጁ ሰዓቱን ደጋግሞ አየ፤ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ወንበር አወጣልን።

«አያ ፈንታ፣ ሚስትህን ስታጭም እንዲህ አልተቀመጥክ» አሉ እሜቴ።

«እርሷንማ ሞቃ አሳዩኝ።»

እሜቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ጥላው ዞረ። ሞተሩ ሲበርድ አያ ፈንታ እኔን መሪው ላይ አስቀመጡኝ። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ወዲያው አይነሣም፤ ከመሪው ፊት ያለችውን መሳቢያ እጀታ ስበህ የሞተሩ ውስጥ እስኪግል ትጠብቃለህ። ከአጠገቧ ባለች ጣት በምታህል መስኮት ውስጥ ትንሽ ሽቦ ስትቀላ ያን ጊዜ ታስነሣለህ። ሽቦዋ ቀላች፤ ማኪናዋ አንዴ ሳለችና ተነሣች። አያ ፈንታ ማርሚታው አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ይዘው ጭሱን አዩ፤ ነጭ ወጣ፣ ወደ ሰማያዊ ዞረ፣ ከዚያ ምንም የለም። ከዚያ ዘንጊቱን ነከሱ። ለረዥም ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። እሜቴ ትርንጎ እጃቸውን አጣጥፈው ፊታቸውን ያዩ ነበር፤ ሐኪም ቤት ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው።

«አራቱም ይተነፍሳሉ» አሉ አያ ፈንታ ዘንጊቱን አውጥተው። «ናፍጣ የምትረጨው ፖምፓዋ ንጹሕ ናት። ማርሿ አርጅቷል፤ እርሱን ለእኔ ተዉት። ይግዟት።»

እንዲህ ሆና ገባች። መሪጌታ ግን አልመጡም። አንድ የዜማ መጽሐፍ እየገለበጡ ነበር፤ ቃሉን ጽፈው ጨርሰው ከቃሉ በላይ የሚቀመጠው የዜማው ምልክት ቀርቷቸዋል። «እርሱን ሳልጨርስ ከቦታዬ አልነሣም» ብለው ላኩ። እሜቴ ተናደዱ፤ ማኪናዋም እስከዚያ በኪራይ መንገደኛ ታመላልስ ጀመር። እኔ ነዳሁ፣ አያ ፈንታ ጠገኑ።

ያ ዘመን ሸጋ ነበር። ናፍጣ በበርሜል ነበር የሚመጣ፤ በርሜሉ ጉድፍና ውኃ አያጣም። አያ ፈንታ አሳድረው ያጠሉታል፤ ከዚያ ከላይ ከላይ ብቻ እየቀዱ በታጠበ ነጠላ ያጣሩታል። የበርሜሉን ሥር ለማንም አይሰጡም። «ይህ ፖምፓ ከፀጉር በቀጠነ ክፍተት ነው የሚሠራ። ቅባቱ ራሱ ናፍጣው ነው፤ ውኃ ከገባበት ብረት ብረትን ይነክሳል» ይሉኝ ነበር።

ሽቦዋ እስክትቀላ የሚጠበቀውን ጊዜ የምንለካው በጸሎት ነበር። ጎንደር ላይ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይበቃል፤ ደባርቅ ላይ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን መጨመር ግድ ነው። ናፍጣ የሚሸጡልን የአዲስ ዓለሙ ሐጂ ኑሩ በዚህ ይስቁብኝ ነበር።

«ያንተ ረዘመ፣ አንተ ሙጬ። እኔ ፋቲሐ ብዬ አሚን ሳልል ትነሣለች።»

«የእርስዎ መኪና አዲስ ስለሆነ ነው ሐጂ።»

«አይደለም፤ ጸሎቱ ነው።»

ኮሶዬ ላይ ጉም ሲመጣ መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁ። ጉም ውስጥ የናፍጣ ድምፅ ይወፍራል፤ ከፊት የሚመጣ ሌላ ማኪና ያለ ይመስላል፣ ግን የራሷ ድምፅ ከገደሉ ተመልሶ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ጉዞ፣ «ሰማይ ላይ ነን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩ እኔንም እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ገብስ በሚታጨድበት ወራት፣ ሐኪሙ ጎንደር ገባ። መሪጌታም በዚያው ሰሞን እሺ አሉ፤ ምልክቱን መጻፍ ጀምረው ቀኙ ዓይናቸው መስመሩን አላሳይ ብሏቸዋል። ሐኪም ቤቱ ለእሜቴ ቁርጡን ነገራቸው፤ ቀኙ ዓይን ቶሎ ከታየ ይተርፋል፣ ካልሆነ አይተርፍም። ሐኪሙ በአውሮፕላን የሚመለስበትም ቀን ታወቀ። እኛ ከዋዜማው ማታ በፊት መድረስ ነበረብን። እሜቴ፣ አያ ፈንታና እኔ አንድ ቀን ቀድመን ደባርቅ ወጣን። አያ ፈንታ የመጡት እሜቴ ስለለመኗቸው ነው። «ምንም ብትሆን አንተ ከአጠገቧ ሁን» ብለዋቸዋል።

መሪጌታ ሐዲስ በዚያው ከሰዓት በኋላ በበቅሎ ደረሱ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ መቋሚያቸውን የያዙ። ግራ ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፍኗል። ከደብራቸው በአንድ ትልቅ ጠርሙስ ጠበል ይዘዋል። ማኪናዋን በእጃቸው ዳሰሷት፤ በሯን፣ ጣሪያዋን፣ መብራቶቿን።

«እህቴ ስለ አንቺ ስትልክብኝ ፈረስ የምታክይ መስሎኝ ነበር» አሏት። «ዝቅ ያልሽ ነሽ።»

ጠዋት ሜዳው በአመዳይ ነጥቷል። አያ ፈንታና እኔ ፍም ልንለምን ወደ ጎረቤት ሄድን፤ በደባርቅ ብርድ ናፍጣ ሞተር ከማስነሣት በፊት ከሥሩ ፍም በገል ማስቀመጥ ልማዳችን ነበር። ስንመለስ ኮፈኑ ላይ ጠብታ አየን። ወንድምና እህት አጠገቧ ቆመዋል።

«ባረካችኋት?» አሉ አያ ፈንታ።

«ባረክናት» አሉ መሪጌታ።

ፍሙን አስገባን፣ ሞተሩ ለዘብ አለ፣ ሁለቱን ጸሎት ደገምኩ፣ ሽቦዋ ቀላች፣ ተነሣች። አያ ፈንታ ዘንጊቱን ነክሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉዞ ጀመርን።

ያን ጠዋት እስካሁን በቀለሙ አስታውሰዋለሁ። ፀሐይ አመዳዩን ስታነሣው ከሜዳው ሁሉ ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር። መሪጌታ ከኋላ ከእህታቸው ጋር ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

«ያ ቢጫው ገብስ ነው?»

«ገብስ ነው የኔታ።»

«መስመሩ አይታየኝም፤ ቀለሙ ግን ይታየኛል። ምልክት በቀይ ነው የሚጻፍ። ቀዩ ካልጠፋኝ እጨርሰዋለሁ።» በመቋሚያቸው ላይ በጣታቸው ቀስ እያሉ ይመቱ ነበር፤ ከሞተሩ ጋር እንደሚስማማ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። «ይህች ማኪና ግዕዝ አይደለችም። ዕዝል ናት፤ ወፍራሙን ይዛ ነው የምትሄድ።»

እሜቴ ትርንጎ ሳቁ። «ለማኪናም ዜማ አገኘህላት?»

ዳባትን አለፍን። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ረዘም ብሎ ይወጣል። ከእኔ በፊት የሰሙት መሪጌታ ናቸው።

«ዜማዋ ተሰበረ» አሉ።

ነዳጅ መስጫውን ረገጥኩ፤ አልመለሰችም። ከኋላ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገራገጨ፣ ሜዳው መካከል ቆመች። ጸጥታው ከድምፅ ይበልጥ ከበደኝ።

አያ ፈንታ ኮፈኑን ከፈቱ። የማጣሪያዋን ሥር ፈትቼ የወጣውን በብርጭቆ ያዝኩ። አያ ፈንታ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሡት። ከላይ ወርቅ የመሰለ ናፍጣ ነው። ከሥሩ እንደ ምንጭ የጠራ ውኃ ነው። ከውኃው ሥር ደግሞ ቁንጥር የምትሆን አመድማ ደቃቅ ነገር ተኝታለች። የበርሜል ውኃ ዝገት እንጂ ይህን አይዝም። ይህ ከጠበል ጋር የሚበጠበጠው እምነት ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰደው አመድ።

አያ ፈንታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፤ እርሳቸው ሹክ ያሉኝ መስሏቸዋል።

«ጠበል ነው። እምነቱን አየኸው? ማኪናዋን አጠጥተዋታል።»

ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። በሩ ክፍት ነበር። መቋሚያው ላይ ይመታ የነበረው የመሪጌታ ጣት ቆሟል። ፊታቸው ግን ወደ ገብሱ እንደ ዞረ ነው፤ ሰምተው እንደሆነ አልገባኝም።

እሜቴ ትርንጎ ወርደው መጡ። ብርጭቆውን ሲያዩ ነጠላቸውን ሰብስበው አፋቸው ላይ ያዙ፤ ከዚያ አያ ፈንታ ከንፈራቸውን እንዲያዩ ዝቅ አደረጉት። ድምፅ አላወጡም ማለት ይቻላል።

«ጠበል ካልተጠጣ ምን ያደርጋል አለኝ። ግማሹን በላይዋ፣ ግማሹን በውስጧ አለኝ። አፏን ያሳየሁት እኔ ነኝ።» ዓይናቸው ሞላ። «እርሱ አይወቅ።»

አያ ፈንታ ነጩን ጨርቅ ከኪሳቸው አውጥተው ነበር። አዩት፤ አጥፈው መልሰው ከተቱት። ወደ ክፍቱ በር ሄዱ።

«የኔታ፣ ብርድ ነው። ናፍጣው በብርድ ረግቶ ነው።»

መሪጌታ ፊታቸውን ከገብሱ ወደ ድምፁ አዞሩ።

«እንዲያ ነው?»

«እንዲያ ነው።»

«ብርድ ከሆነ ምን ይደረጋል» አሉ መሪጌታ።

ከዚያ የሠራነውን ሥራ በሙያዬ ዘመን ከዚያ ወዲያ አልሠራሁም። ሆዷን አራገፍን። ሐጂ ኑሩ በጣሳ የሰጡንን መጠባበቂያ ናፍጣ በእሜቴ ነጠላ አጣርተን አጠብናት፣ ሞላናት። ከማጣሪያው እስከ ፖምፓው፣ ከፖምፓው እስከ እያንዳንዱ ሲሊንደር፣ ቡሎኖቹን እያላላን አየሩን አስወጣን፤ አረፋው ጠፍቶ ጥሩው ናፍጣ እስኪመጣ። ባትሪው ደከመ። ገብስ የሚያጭዱ ገበሬዎች ማጭዳቸውን ጥለው መጡና ገፉን።

«ምነው እንደ በሬ ለገመች?» አለ አንዱ።

«በሬ ቢሆን በገረፍነው» አለ ሌላው።

ወደ ቁልቁለቱ ስትደርስ ማርሽ አስገባሁ፤ ተነሣች። ገበሬዎቹ እልል አሉ። እስከ ቁልቁለቱ ግርጌ ነዳኋት። እዚያ አንዲት የማላውቃት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ማኪናዋ ቆመች። አያ ፈንታ ሮጠው ደረሱ፤ እንድሞክር በእጃቸው እያዘዙኝ ዘንጊቱን ፖምፓው ላይ አቁመው ነከሱ። የቀረው ባትሪ ሲያቃስት እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ዘንጊቱን ከአፋቸው ሲያወጡ ማየት አልፈለግሁም።

«ብረት ብረትን ነክሷል» አሉ። «ከዚህ ወዲያ በእጅ የሚሠራ የለም።»

ያን ቀን ወደ ጎንደር የሚሄድ ጭነት መኪና አላለፈም። እሜቴ መንገድ ዳር ቆመው ቀሩ፤ አንዴ አቧራ አይተው ነጠላቸውን አውለበለቡ፣ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። ገበሬዎቹ አሳደሩን። በማግሥቱ ጠዋት ገብስ የጫነ መኪና ወሰደን። አያ ፈንታ ከማኪናዋ ጋር ቀሩ። ወንድምና እህት ከሹፌሩ ጎን፣ እኔ ከላይ ጆንያው ላይ ሆንን። መኪናው ኮሶዬ ላይ ውኃ ሊጨምር ቆመ። ሁላችንም ወረድን።

ጉሙ ከሥራችን ነበር፤ እኛ ፀሐይ ላይ ነን። የአውሮፕላን ድምፅ ከደቡብ መጣ፣ አደገ፣ በላያችን አለፈ። መሪጌታ ፊታቸውን አነሡ።

«ወዴት ይሄዳል?»

እኔ መለስኩ።

«ወደ አስመራ ነው የኔታ።»

«እንግዲያ ሐኪሙ ናቸው» አሉ። ድምፁ እስኪጠፋ ፊታቸውን አላወረዱም።

በኋላ አስመራ ድረስ ተወስደው ታዩ፤ ጊዜው አልፏል ተባሉ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቀኙም ሄደ። መካነ ብርሃን አልተመለሱም፤ ጎንደር እህታቸው ቤት ተቀመጡ። አንድ ደቀ መዝሙር ከአገራቸው መጽሐፉን ይዞ መጣ። መሪጌታ ቃሉን ያዜማሉ፣ እርሱ ምልክቱን በቀይ ያስቀምጣል፤ ሲሳሳት በእጁ አሠራር ሳይሆን በዝምታው ያውቁበት ነበር። ጠዋት ጠዋት ማረፊያ ቤቱን የሚያነቃው የእነርሱ ዜማ ነበር።

ፖምፓው ከአስመራ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። አያ ፈንታ አሮጌውን ፈትተው ለማንም አላሳዩም። አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ሥራ አቁመው ቆይተው ተናገሩ።

«ያን ያህል አልበረደም ነበር እኮ» አሉ።

«ምኑ አያ ፈንታ?»

«ናፍጣው አይረጋም ነበር። ፀሐይ ወጥታ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ወገራ ላይ? የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይስቅብኝ ነበር።» መፍቻቸውን አነሡና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስለዚያ ቀን ከዚያ ሌላ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ማኪናዋ ተጠግና ዳግመኛ የደባርቅን መንገድ ያዘች። እሜቴ ትርንጎ ግን ከዚያ ወዲህ አላስባረኳትም። ጥምቀት መጣ፣ ሄደ፤ ሌሎች ሹፌሮች ማኪናቸውን ይዘው ወደ ጠበሉ ሲወርዱ የእኛ ግቢ ውስጥ ቆመች። መሪጌታ ይህን ከማን እንደ ሰሙ አላውቅም። ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ጠዋት፣ ለጉዞ ዘይቷን እያየሁ ሳለ፣ በግድግዳው እየተመሩ ወደ ግቢው ወጡ። በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን፣ በሌላው ጠርሙስ ይዘዋል። እሜቴ ትርንጎ ደጃፉ ላይ ብቅ አሉና እንደ ቆሙ ቀሩ።

«ልጄ» አሉኝ መሪጌታ፣ «ናፍጣ የምትጠጣበት አፏ በየት በኩል ነው?»

እሜቴን አየሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«በስተኋላ ነው የኔታ። በቀኝ በኩል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያ ወደ ፊቷ ውሰደኝ» አሉኝ።

ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸውና በመብራቶቿ መካከል አቆምኳቸው።